ባዶ የተገኙት የስለት ጥቅሎች

እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዋልተር ኤምሪ እ.ኤ.አ. በ1964 በግብፅ ሳቃራ ቁፋሮ የጀመረው የጥንቱን ግብፃዊ የሕንፃ ባለሙያ የኢምሆቴፕን መቃብር ፍለጋ ነበር። መቃብሩን ሳያገኝ በ1971 አረፈ። ያገኘው ግን ከበረሃው ሥር የተፈለፈሉ ረጃጅም ዋሻዎችን ነው፤ ዋሻዎቹ በሸክላ ማሰሮ የታጨቁ ሲሆኑ፣ በማሰሮዎቹ ውስጥ በበፍታ የተጠቀለሉ የአይቢስ ሙሚዎች (እንዳይበሰብሱ የደረቁ በድኖች) ነበሩ።

አይቢስ ነጭ ላባ፣ ጥቁር አንገትና ቆልማማ መንቁር ያለው ወፍ ነው። ከግብፅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢጠፋም በእኛ ሐይቆች ዳር ዛሬም ይታያል። ለግብፃውያን የጥበብና የጽሕፈት አምላክ የሆነው የቶት ወፍ ነበር። ጤና ወይም ልጅ የሚለምን ሰው ሙሚውን በስለት ያቀርባል፤ ካህናቱ ደግሞ እያጠራቀሙ ይቀብራሉ። ይህን ሁሉ ወፍ ከየት አመጡት? በ2019 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት የወፎቹ ዘር ከዱር አይቢሶች ያላነሰ ስብጥር እንዳለው አሳየ። አብዛኞቹ ተረብተው ሳይሆን ከዱር ተይዘው ነበር ማለት ነው።

የባሰው ጥያቄ የመጣው ከራጅና ከሲቲ ስካን ነው። የማንችስተር ተመራማሪዎች ከ800 በላይ የእንስሳት ሙሚዎችን ሲመረምሩ ሲሶ ያህሉ ውስጥ የእንስሳ አካል አልተገኘም፤ ጭቃ፣ ሸምበቆ፣ የጎጆ ስብርባሪ ብቻ። ቁጥሩን ግን በጥንቃቄ ማየት ይበጃል፤ በየሙዚየሙ የቀረው ትራፊ ነው። በ1890 ወደ ሊቨርፑል የተጫኑ 180,000 ያህል የድመት ሙሚዎች ተፈጭተው የእርሻ ማዳበሪያ ሆነዋል።

ተመራማሪዎቹ ነገሩን ማጭበርበር አይሉትም። ቅዱሱ እንስሳ የነካው ጭቃም ሆነ የተኛበት ሣር በራሱ ቅዱስ ነበርና ስለቱ ይደርሳል ይላሉ። አሳማኝ ነው፤ ግን ነገሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ከዚያው ከሳቃራ ቁፋሮ በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ የሆር ጽሑፎች ወጥተዋል። ሆር በ2ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አይቢሶቹን ያገለግል የነበረ ሰው ነው። 60,000 ወፎች ይቀለቡ እንደነበር ይጠቅሳል፤ በአገልጋዮቹ ዘንድ ስለተፈጸመው ጥፋት ያማርራል፤ በአንድ ማሰሮ አንድ አምላክ፣ ማለትም አንድ አይቢስ፣ ብቻ እንዲቀበር መደንገጉንም ይናገራል። ባዶው ጥቅል ለምእመኑ በቂ ቢሆን እንኳ ቢያንስ አንዳንድ ካህናት በማሰሮው ውስጥ ያለው ነገር ያሳስባቸው ነበር።