አጃ ስንል የትኛውን አጃ ነው? የገበሬው አነጋገርና የዘር ጥያቄ

በአዲስ አበባ አራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ትልቅ ገበያ ይቆም እንደነበር ይታወቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወረው። ከየአገሩ የመጣ ገበሬና ነጋዴ አራዳ ላይ ሲገናኝ እህሉ ብቻ ሳይሆን የእህሉም ስም አብሮ ይገባ ነበር። ከተማው ከነዚህ ስሞች አንዳንዶቹን ለራሱ በሚስማማው ትርጉም አስቀራቸው። ዛሬ የኤክስቴንሽን ሠራተኛውን የሚያሳስቱት በተለይ እነዚህ ናቸው።

ለዚህ አጃ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፒያሳ ካለ ሱቅ ገብቶ አጃ የሚጠይቅ ሰው ለአጥሚትና ለሾርባ የሚሆነውን፣ በሳይንስ ስሙ አቬና ሳቲቫ የተባለውን እህል ይሰጠዋል። በደጋው ገበሬ ዘንድ ግን አጃ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወገን ነው፤ የሳይንስ ስሙም ትሪቲኩም ዲኮኩም ይባላል። በአውድማ ሲወቃ ገለባው ከፍሬው አይላቀቅም፤ በሙቀጫ መፈተግ አለበት። ቂንጬውና ገንፎው የታወቀ ነው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአጃ ዘር እንዲመጣለት ሲጠይቀኝ፣ በቅጹ ላይ «አጃ» ብዬ ብቻ ጻፍሁ። የመጣው የከብት መኖ የሚሆነው አቬና ነበር። ጆንያው ሲፈታ አንድ ሽማግሌ እፍኝ ዘግነው አዩና «ልጄ፣ ይኼማ ሲናር ነው» አሉኝ። ሌላ ዘር እስኪፈለግ የመዝሪያው ጊዜ አለፈ፤ አባላቱም የታረሰውን መሬት ካላቸው ገብስ ሸፈኑት። ላኪው የተጻፈለትን ነው የላከው።

ሁለቱን በማሳ ላይ መለየት ቀላል ነው። የስንዴው ወገን ዛላው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጢም ያለው ነው። የአቬናው ግን ተበታትኖ ወደ ታች የሚንጠለጠል ነው። ስለዚህ በዘር መጠየቂያ ቅጽ ላይ የአካባቢውን ስም፣ ቀጥሎም የሳይንስ ስሙን መጻፍ፣ የሚቻል ከሆነም አንድ ዛላ በወረቀት ጠቅልሎ ማያያዝ ይገባል።

ሌሎችም አሉ። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» የሚል ገበሬ ሲያጋጥም ማሽላ ብሎ መመዝገብ የምርት ቆጠራውን ያበላሻል። ዘንጋዳ ግን በእርግጥ ከማሽላ ዓይነቶች አንዱ ነው። መኸር ስንል እኛ የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ የሚመረተውን ሰብል በሙሉ፣ ከእርሻው ጀምረን እንቆጥራለን፤ ቃሉ በመሠረቱ የአጨዳው ወራት ነው። «በመኸር እንገናኝ» ያለን ገበሬ በሐምሌ ቢጠብቁት አይገኝም። የእርሻው ድግግሞሽም ስም አለው፦ የመጀመሪያው ገመሳ፣ ሁለተኛው ድገማ ወይም አይማ፣ ሦስተኛው ስልስ። «ስንት ጊዜ አረስህ?» ከማለት «ሠልሰሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ከከተማው ወደ ገጠር የሄዱም ቃላት አሉ። ፒያሳ ራሱ ስሙ የጣሊያንኛ እንደሆነ ሁሉ ቆስጣና ዝኩኒም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። እነዚህ ግን ከቦታ ቦታ ስለማይለዋወጡ ችግር አያመጡም። (ከአራዳ የወጣው ሌላው ቃል ራሱ «አራዳ» ነው፤ ብልጥ ማለት ሆኗል። «ገበሬ» የሚለውን እንደ ስድብ የሚጠቀም ከተሜ መኖሩ ግን ያሳዝናል።)

ተረትና ምሳሌን በተመለከተ፣ ሠራተኛው እንደ ጨዋታ ብቻ ባያልፈው መልካም ነው። ገበሬው «ገብስ የእህል ንጉሥ» ሲል ገብስን ማወደሱ ብቻ አይደለም። እንጀራም፣ ቆሎም፣ በሶም፣ ጠላም የሚሆን፣ ሌላው እህል ሳይደርስ ቀድሞ ደርሶ ቤተሰቡን ከረኀብ የሚያሻግር ሰብል ነው። አዲስ የስንዴ ዘር ይዘን ስንሄድ ይህን ከተናገረ፣ በትሕትና «የገብሱን መሬት አልሰጥም» ማለቱ ነው። እንግዲያው ስለ ስንዴው ምርት ብልጫ ንግግር ከማብዛት፣ በመስከረም ምን እንደሚበላ መጠየቅ ይቀድማል።

በመጨረሻ ስለ መስፈሪያ። አንድ ዳውላ 20 ቁና ነው ቢባልም ቁናው ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ተቆልሎ፣ ሌላው ጋ ተስተካክሎ ይሰፈራል። ማኅበራት ሒሳባቸውን ወደ ኪሎ ሲለውጡ በዚያው ገበያ በሚሠራበት ቁና ሰፍረው በሚዛን ይመዝኑ፤ ይህንም ለእያንዳንዱ እህል ለየብቻ ያድርጉት፤ የጤፍ ቁናና የገብስ ቁና ክብደታቸው አንድ አይደለምና።