ባዮቲን፦ ትንሹ ቫይታሚንና የእንቁላል ነጩ ምሥጢር

ለሰውነታችን ከሚያስፈልጉት ቫይታሚኖች መካከል ባዮቲን (ቫይታሚን ቢ7) እጅግ በአነስተኛ መጠን ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቂ ነው ተብሎ የሚታሰበው የቀን መጠን 30 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህን ስናሰላ አንድ ግራም ባዮቲን ለአንድ ሰው 91 ዓመት ያህል ይበቃዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል ጥቂት ነገር ምን ይፈይዳል? በሰውነታችን ውስጥ ያለ ባዮቲን የማይሠሩ አምስት ኢንዛይሞች አሉ። ባዮቲን በእነርሱ ላይ ተጣብቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየተሸከመ ያቀብላል። ስብ ሲሠራም ሆነ በጾም ሰዓት ጉበት ስኳር ሲያመርት ይህ አቀባይ የግድ ያስፈልጋል። ደጋግሞ ስለሚያገለግልም ጥቂቱ ይበቃል።

እጥረቱ የታወቀው በእንቁላል ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ማርጋሬት ቦአስ የተባሉ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ የደረቀ ጥሬ የእንቁላል ነጭ የተመገቡ አይጦች ቆዳቸው ሲቆስልና ፀጉራቸው ሲረግፍ ተመለከቱ፤ ጉበት የተጨመረላቸው ግን ዳኑ። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ በአሜሪካ ጥሬ የእንቁላል ነጭ በብዛት የተመገቡ በጎ ፈቃደኞች ቆዳቸው ተቀረፈ፤ ድካም፣ ድብርትና የጡንቻ ሕመምም ተሰማቸው። ባዮቲን በመርፌ ሲሰጣቸው በጥቂት ቀናት ተሻላቸው።

ምክንያቱ አቪዲን የተባለው የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን ነው። አንዱ አቪዲን አራት ባዮቲኖችን ይይዛል፤ ከያዘም በቀላሉ አይለቅም። እኛን የፊዚክስ ሰዎችን የሚያስደንቀን ይህን ትስስር የሚፈጥሩት ኃይሎች እያንዳንዳቸው ደካማ መሆናቸው ነው። ይሁንና “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንደሚባለው፣ በአንድነት ሲሠሩ በተፈጥሮ ከሚታወቁት ጠንካራ ትስስሮች አንዱን ያስገኛሉ። አንጀትም የታሰረውን ባዮቲን መምጠጥ አይችልም። እንቁላሉ በሚገባ ሲበስል ግን ሙቀት የአቪዲንን ቅርጽ ስለሚያፈርስ የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

ጉበት፣ የበሰለ እንቁላልና ኦቾሎኒ ባዮቲን ስላላቸው እጥረቱ በጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም። ከ60,000 ሕፃናት በግምት አንዱ ግን ባዮቲንን መልሶ የሚያስገኘው ኢንዛይም በዘር ጎድሎት ይወለዳል። ሳይታወቅ ከቆየ የሚጥል በሽታና የመስማት ችግር ሊያስከትል ይችላል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን በየቀኑ በሚወሰድ ባዮቲን ጤናው ይጠበቃል።

በአንጻሩ ለፀጉርና ለጥፍር ውበት ተብለው የሚሸጡ ብዙ እንክብሎች እስከ 10,000 ማይክሮግራም ይይዛሉ፤ ይህም ከ300 ቀን ፍጆታ ይበልጣል። በርካታ የደም ምርመራዎች የሚሠሩት ከላይ ባየነው ዓይነት ትስስር በመሆኑ፣ በደም ውስጥ የተትረፈረፈ ባዮቲን ውጤቱን ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የልብ ጉዳት የሚለይበት የትሮፖኒን ምርመራ በዚህ ሰበብ ዝቅተኛ ውጤት አሳይቶ አንድ ታካሚ መሞቱን ገልጿል።

ስለዚህ እንቁላልን አብስለን እንብላ፤ ባዮቲን ያለበት እንክብል የምንወስድ ከሆነም ደም ከመስጠታችን በፊት ለሐኪማችን እንንገር።