ከሺሺንዳ ሆኖ ልቦለድ መጻፍ

በካፋዋ የሺሺንዳ ከተማ ተቀምጦ ልቦለድ ለመጻፍ ለሚያስብ ወጣት የመጻሕፍት መደብሩም፣ አሳታሚውም፣ የመጽሐፍ ምረቃውም ሩቅ ነው። ለድርሰት የሚሆነው ጉዳይ ግን ደጁ ላይ አለ። የጎደለው ሙያው ነው፤ ሙያ ደግሞ ይለመዳል።

የአማርኛ ልቦለድ ዕድሜው ገና ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያ የሚባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎጃም ገጠር በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ሰሜን ሸዋ ደግሞ በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ዘላለማዊ ሆነዋል።

ዳኛቸው ለጀማሪ ጸሐፊ ልዩ ሰው ነው። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ተምሯል፤ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልቦለዱም በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። በ1962 ዓ.ም. በወጣው «አደፍርስ» ውስጥ ግን የምንሰማው የተወለደበትን አካባቢ ሰው ንግግር ነው፤ ባለአገሩ እንደሚከራከር ይከራከራል፣ እንደሚመርቅ ይመርቃል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ከዚህ ጎን የዘሪሁን አስፋውን «የሥነጽሑፍ መሠረታውያን» ያነበበ ሰው ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ መቼትና ስለ ትረካ አንጻር በቂ መነሻ ይይዛል።

እነዚህ ቃላት ሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ በአንድ ትዕይንት እንይ። አንዲት ልጅ ከጫካ የለቀመችውን እሸት ቡና ለሰብሳቢ ልትሸጥ መጣች። ጀማሪ ጸሐፊ «ሚዛኑ ያሰበችውን ያህል ስላልሞላ በጣም አዘነች» ብሎ ያልፋል። አንባቢው ስለ ሐዘኗ ተነገረው እንጂ አላየውም። አሁን እንዲህ ይጻፍ፦ «ቁጥሩን አየች። ባዶውን ቅርጫት ገልብጣ ታቹን መታ መታ አደረገችው። አንዲት ፍሬ ወደቀች። አንስታ ሚዛኑ ላይ አኖረቻት።» ሐዘን የሚል ቃል የለም፤ ችግሯ ግን ልክ እስከ አንዲት ፍሬ ድረስ ታየ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታሪኩን ማን ይተርከው የሚለው፣ ማለትም የትረካ አንጻር ነው። ልጅቷ ከተረከችው ገንዘቡ ለምን እንዳስፈለጋት እናውቃለን። ሰብሳቢው ከተረከው ደግሞ እሱም ለሌላ ሰው የሚያስረክበው ኪሎ እንዳለበት እንረዳለን፤ ግጭቱም የክፉና የደግ መሆኑ ቀርቶ የሁለት ችግረኞች ይሆናል። ቡናው፣ ሚዛኑ፣ ቀኑ ያው ነው። የተለወጠው ዐይኑ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ሆነ።

ካፋ ለታሪካዊ ልቦለድም ሰፊ ማሳ ነው። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ተማርከው ሲወሰዱ፣ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ውሃው ውስጥ እንደ ጣሉ ይተረካል። ታሪክ ጸሐፊ ማስረጃውን ይመረምራል። ልቦለድ ጸሐፊ ግን ከዚያ አልፎ፣ አጠገባቸው ይሄድ የነበረውን ስም የለሽ ጠባቂ መፍጠር ይችላል፤ ቀለበቱ ሲወረወር አይቶ ለአለቃው ይንገር ወይስ ዝም ይበል ብሎ የሚጨነቀውን ሰው። የታወቀውን ሳያዛቡ ያልታወቀውን መሙላት የዚህ ዘርፍ ሥነ ምግባርም ውበትም ነው። ለዚህ ደግሞ የሽማግሌዎችን ትረካ ደጋግሞ መስማትና ሲፈቅዱ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊ ኖኖ አፉን የፈታ ሰው በካፊ ኖኖ መጻፍ ይችላል፤ በአማርኛ ቢጽፍም ገጸ ባሕርያቱን እንደ አዲስ አበባ ሰው ማናገር የለበትም። አያት የልጅ ልጃቸውን ሲቆጡ ነገሩን ከየት እንደሚጀምሩ፣ የት ላይ ዝም እንደሚሉ ማዳመጥ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን አንብቦ የማያውቅ ሕዝብ ጭምር ተከታትሎታል፤ ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ የተሠራ ነበርና። ምላስ የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር ካለ ይታረም።

ስለ መብትም ማወቅ ተገቢ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ በወረቀትም ሆነ በሌላ መንገድ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ አለው፤ የኢኮኖሚ መብቱም በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። «እንዲህ ያለ ልቦለድ አስቤያለሁ» የሚል ሰው በሕግ ፊት ገና ምንም የለውም፤ የጻፈው አለው። አዲስ አበባ ለሚደርስ ሰው የታተመውን ለማንበብ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ፤ ከሙያ ጓደኞች ጋር ለመገናኘትም በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር አለ።

እስከዚያው ሁለት ሦስት ሆኖ መሰብሰብ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ ማድረግ፣ «ጥሩ ነው» ከማለት ይልቅ «እዚህ ጋ ጠፋብኝ» መባባል ይቻላል። በአጭር ልቦለድ ጀምሩ፤ ጨርሱት፤ ከዚያ አርሙት። ስለ ካፋ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ ውስጡን ኖሮ የሚያውቀው ሰው ሲጽፈው ግን የአማርኛ ልቦለድ እስካሁን ያልነበረው ነገር ይኖረዋል።