የሃይብሪድ መኪና ባትሪ ሲደክም፤ ትልቁ ከመለወጡ በፊት ትንሹ ይለካ

አንድ የእህል ነጋዴ በሃይብሪድ አውቶሞቢሉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጊንጪ ሲደርስ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ የጀልዱን ደጋ አቋርጦ ካቺሲ ገባ እንበል። የጤፍና የኑግ ሂሳቡን እስኪጨርስ ድረስ መኪናውን ለሦስት ሳምንት ያህል አቁሞ ከቆየ በኋላ ሊያስነሣው ሲሞክር፣ ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ መብራት ይሞላል፤ መኪናው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። የተጠራው መካኒክ ሞተሪኖውን ቢፈልግ አያገኘውም፤ ዲናሞውንም እንዲሁ። በመጨረሻም «የሃይብሪዱ ባትሪ ሞቷል» ተብሎ ይፈረድና አውቶሞቢሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ባለቤቱም የትልቁን ባትሪ ዋጋ ለመክፈል ገንዘብ ማፈላለግ ይጀምራል። እንዲህ ባለው ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ትንሹ ነው።

በሃይብሪድ መኪና ውስጥ ሁለት ባትሪዎች መኖራቸውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተሠራው ሁለተኛው የቶዮታ ፕሪየስ ዓይነት ያለው ትልቅ ባትሪ፣ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት የሆኑ 28 ክፍሎች ተያይዘው 201.6 ቮልት የሚሰጡበት ነው። የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሣውም ይኸው ባትሪ በኤሌክትሪክ ሞተሩ አማካይነት ስለሆነ ሞተሪኖ አላስፈለገም። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ሁሉ በሪሌ ተዘግቶ የተቀመጠ ነው፤ ሪሌውን የሚከፍተውና ኮምፒዩተሮቹን የሚያነቃው በመኪናው ኋላ በኩል፣ በዕቃ መጫኛው ጥግ የተቀመጠው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። እርሱ ከደከመ ታላቁ ወንድሙ ሙሉ ቢሆንም ምንም ሊረዳ አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በማንኛውም የመኪና ኤሌትሪሽያን እጅ በሚገኘው ቴስተር መለካት ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ትንሹ ባትሪ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህሉ ቀርቷል፤ ከ12 በታች ሲሆን ግን ሊያልቅ የደረሰ ነው። ቀጥሎ መኪናው ተነሥቶ ለመሄድ ዝግጁ መሆኑን የሚያመለክተው መብራት ሲበራ እንደገና ይለካል። በዚህ ጊዜ ወደ 14 ቮልት ገደማ መታየት አለበት፤ በዲናሞ ፈንታ ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ ትንሹን የሚሞላው ኮንቨርተር ይሠራል ማለት ነው። 12 ላይ ከቀረ ጉድለቱ ከኮንቨርተሩ ወይም ከፊውዙ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ባትሪ መግዛት ብቻውን አያድንም። እንዲሁም ከተሞላ በኋላ ደኅና ቮልት እያሳየ መብራት ሲበራበት ወዲያው ወደ 11 የሚወርድ ባትሪ ዕድሜው ያለቀ ስለሆነ መለወጥ አለበት።

ሦስት ሳምንት መቆም ለምን ያህል ጉዳት ይሆናል የሚል ቢኖር ሂሳቡ ቀላል ነው። መኪናው ተቆልፎም ሳለ የበሩ መቆለፊያና ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት ኤሌክትሪክ መውሰዳቸውን አይተዉም። 40 ሚሊአምፔር ብቻ ቢወስዱ በቀን አንድ አምፔር ሰዓት ያህል ይሆናል፤ በ21 ቀን ከ20 በላይ ይደርሳል። አዲስ ሲሆን 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህን ሊችለው ይችላል፤ በዕድሜ ብዛት አቅሙ በግማሽ የቀነሰ ባትሪ ግን በደጋው ብርድ ላይ ተጨምሮበት ያልቃል። ከዚህም የተነሣ ለረጅም ቀን የሚያቆም ሰው በየጥቂት ቀኑ መኪናውን አስነሥቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዝግጁ እንደሆነ ቢያቆየው ወይም የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ቢፈታ ይጠቀማል።

የፕሪየስ የኋላ በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪው ሲያልቅ በሩም አይከፈትም። ኩባንያው ይህን አስቦ ከፊት ኮፈን ሥር፣ በፊውዝ ሣጥኑ ውስጥ በቀይ ክዳን የተሸፈነ መያያዣ አበጅቷል፤ ከሌላ መኪና ኃይል የሚዋሰው በዚያ ነው። ነገር ግን አበዳሪው ባለ 12 ቮልት መኪና መሆን አለበት። በገጠር መንገድ በቀላሉ የሚገኘው የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ ባለ 24 ቮልት ነው፤ ከዚያ መዋስ ወይም ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ማለዋወጥ ከባትሪው እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን ዕቃ ያቃጥላል።

ትንሹ ባትሪ ደኅና ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ በኮምፒዩተር ማንበቢያ ይመረመር። ፒ0ኤ80 የሚለው ቁጥር ከታየ ትልቁ ባትሪ ተዳክሟል ማለት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ከ28ቱ ክፍሎች ምናልባት ያነሱት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ፤ ኃይል ሲጠየቅ ከጎረቤቶቹ ከአንድ ቮልት በላይ ወርዶ የሚገኘው ክፍል በደለኛው ነው። እርሱን ብቻ ለውጦ ለጊዜው መገላገል ይቻላል፤ ሆኖም የቀሩት አብረው ያረጁ ስለሆኑ ጥገናው እንደ አዲስ ባትሪ አይቆጠርም፤ ሻጭም ለገዢ ይህንኑ በግልጽ መናገር ይገባዋል። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ አቧራ ይሞላበታል፤ ጆንያ የተደገፈበትም እንደሆነ ባትሪው በሙቀት ይጎዳል። ሣጥኑን መክፈት ግን ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው፤ ብርቱካናማ ገመድ ሁሉ ሰው የሚገድል ኃይል ይዟልና፣ የኃይል መቁረጫው ተነቅሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቆይና የኤሌክትሪክ ጓንት ሳይደረግ አይነካም።

ነገሩ ለአስመጪዎችና ለመለዋወጫ ነጋዴዎችም የሚጠቅም ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ተጥሏል፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። በአገር ውስጥ ያለው ሃይብሪድ እንግዲህ ረዥም ዕድሜ እንዲያገለግል ይፈለጋል፤ መለዋወጫውም በብር ሲታሰብ ውድ ሆኗል።

ባትሪ በሚታዘዝበት ጊዜ «ባለ 12 ቮልት» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የፕሪየስ ባትሪ ከተሳፋሪው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ አሲዱ የማይፈስ፣ የተዘጋና የጋዝ መውጫ ቱቦ ያለው ዓይነት መሆን አለበት፤ አሲድ የሚጨመርበት ተራ ባትሪ እዚያ ቢገባ ጋዙ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይወጣል። በጃፓን ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለው አር ወይም ኤል የሚል ፊደል የፖዘቲቩን ጫፍ ወገን የሚያመለክት ነው፤ ተሳስቶ የመጣ እንደሆነ ገመዱ አይደርስም፣ ዕቃውም በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። በመደርደሪያ ላይ የቆየ ባትሪ ደግሞ ሳይሸጥም በራሱ ይደክማል፤ አምቦም ሆነ ካቺሲ ያለ ባለሱቅ የተሠራበትን ቀን አይቶ ይረከብ፣ በየሦስት ወሩ እየለካም ከ12.4 ቮልት በታች የወረደውን ሞልቶ ያስቀምጥ።