ጨዋነት በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው ጎዳና ከደብረ ታቦር መንገድ ጋር በሚገናኝባት በወረታ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ወደ ቤት ስትገባ ጎረምሳው «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው ሲነሣ፣ እርሷም «በእግዜር፣ ልጄ!» ስትለው የሚያይ ሰው፣ የአበው ጨዋነት ገና እንዳልጠፋ ይረዳል።

ይሁን እንጂ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት በሚያጥለቀልቁት በፎገራ ሜዳ፣ ሴቲቱ ጭቃ ውስጥ ቆማ ከባሏ እኩል ሩዝ ስታርም ውላ፣ ማታ እንጨቱም ውኃውም ወጡም የእርሷ ብቻ ከሆነ፣ ወንበር መልቀቅ ብቻውን ምን ይረባታል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳራቸው እኩል አድርጓል፤ እንግዲህ ለዘመናችን የሚገባው ጨዋነት ሴትን ደካማ ናት ብሎ ማዘን ሳይሆን፣ ክቡር ፍጥረት መሆኗን አውቆ ሸክሟን መካፈል ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ጨዋነት ዘመን አይሽረውም።