እንግሊዝኛ ማስተማር በጃፓን፦ መንገዱ ለእኛ አገር መምህር

ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቀው በይፋግ፣ በአዲስ ዘመን ወይም በወረታ ከሚያስተምሩ ወጣቶች መካከል ስለ ጃፓን የሚጠይቁ አሉ። ጃፓኖች የእንግሊዝኛ መምህር ከውጭ አገር እንደሚቀጥሩ ሰምተዋል፤ እኛንስ ይቀጥሩናል ወይ ነው ጥያቄያቸው። በሩ አለ፤ ግን ጠባብ ነው። የሚያጠበውም ብዙዎች እንደሚገምቱት የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ገንዘብም ተስፋም ከማፍሰሱ በፊት ሥራው ምን እንደሆነና ማን እንደሚቀጥር ጠንቅቆ ቢያውቅ ይሻላል።

ጃፓን ለይፋግ ሰው ፍጹም ባዕድ አገር አይደለችም። ቅርብ ጎረቤት ወረታ ላይ ባለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የጃፓን ባለሙያዎች የአገራቸው መንግሥት የትብብር ድርጅት በሆነው በጃይካ በኩል ከእኛ ተመራማሪዎች ጋር ሠርተዋል። ከዚያ አስቀድሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተዘጋጀ ነው።

በጃፓን ምድር እንግሊዝኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ካስተማሩት የቋንቋው ተወላጆች ቀዳሚ የሚባለው ሰው እስረኛ ነበር። ራናልድ ማክዶናልድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1848፣ አገሪቱ ለባዕድ ዝግ በነበረችበት ዘመን፣ በትንሽ ጀልባ ሆን ብሎ ገባ፤ ተይዞም ወደ ናጋሳኪ ተወሰደ። እዚያ በእስር ሳለ 14 የመንግሥት አስተርጓሚዎችን እንግሊዝኛ አስተማረ። ከእነሱ አንዱ ሞሪያማ ኤይኖሱኬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ ጋር በተደረገው ድርድር አስተርጓሚ ሆነ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ እዚህ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበሩትን አውሮፓውያን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሯቸው። ከባዕድ ዕውቀት ለማግኘት የነበረው ጉጉት ከሁለቱም ወገን እውነተኛ ነው።

ወደ ዛሬው እንምጣ። በጃፓን እንግሊዝኛ ለማስተማር ከሚገባባቸው መንገዶች ስመ ጥሩው ጄት የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የመጡ 848 ሰዎች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል። አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች ረዳት የቋንቋ መምህራን ናቸው። በትምህርት ደረጃ የሚጠየቀው በማንኛውም ዘርፍ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ የመምህርነት ፈቃድ አይጠየቅም። ውሉ የአንድ ዓመት ሲሆን እስከ አምስት ዓመት ይታደሳል። የአውሮፕላን ትኬቱንም ቀጣሪው ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለብዙ ጊዜ 3.36 ሚሊዮን የን ነበር፤ በቅርቡ ከፍ ብሏል።

የረዳቱ መምህር ውሎ ለእኛ መምህር እንግዳ ነው። ጠዋት ሲገባ የውጭ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የቤት ውስጥ ጫማ ያደርጋል። ክፍል የሚገባው ብቻውን አይደለም፤ ትምህርቱን የሚመራው ጃፓናዊው መምህር ነው፤ ረዳቱ ያነባል፣ አጠራር ያሳያል፣ ልጆቹን ያነጋግራል፣ ያጫውታል። ምሳውን በብዙ ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎቹ ጋር ክፍል ውስጥ ይበላል። ከዚያ ልጆቹ መጥረጊያና ጨርቅ ይዘው ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ፤ መምህሩም አብሮ ይጠርጋል። የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በሚያዝያ ግድም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ እንግሊዝኛ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት ስለሆነ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የረዳት መምህራን ፍላጎት አለ።

በግሌ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። በተጨናነቀ ክፍል፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ እንግሊዝኛን አስተምሮ ልጅ ያናገረ የደቡብ ጎንደር መምህር ይህን ሥራ ለመሥራት የሚያንሰው ነገር የለም። በሌሎች ቋንቋዎች አፋቸውን የፈቱ ፊሊፒናውያን ዛሬ በጃፓን ትምህርት ቤቶች በብዛት ያስተምራሉ። እንቅፋቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ፓስፖርት ነው። ጄት የሚቀበለው የተሳታፊ አገሮችን ዜጎች ብቻ ነው፤ አመልካች የሚመዘገበውም በየአገሩ ባለው የጃፓን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በመኸር ወራት ይከፈታል፣ ቃለ መጠይቁ በክረምታቸው መካከል ይካሄዳል፣ ጉዞው በሐምሌና በነሐሴ ይሆናል። ኢትዮጵያዊ አመልካች በዚያ ዓመት ለአገራችን ጥሪ መኖር አለመኖሩን አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ ማረጋገጥ ይኖርበታል። አሜሪካ ወይም ካናዳ ተወልደው የዚያው አገር ዜግነት ያላቸው የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን እዚያው ማመልከት ይችላሉ።

ሁለተኛው ወረቀት የቪዛው ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። በመደበኛ ትምህርት ቤት ለማስተማር የሚሰጠው የመምህርነት ቪዛ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ቢያንስ 12 ዓመት በዚያው ቋንቋ የተማረ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መማር ከዚህ አይገባም፤ የሚቆጠረው ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ የተማሩበት ዘመን ነው። የእኛ ልጅ በእንግሊዝኛ መማር የሚጀምረው በዋናነት ከዘጠነኛ ክፍል ነው። አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፤ ድምሩ ሰባት ወይም ስምንት ነው። ማስተርስ ቢጨመርበት እንኳ ዐሥር ላይ ይቆማል። ይህ መስፈርት ስለ መምህሩ ብቃት አንዳች አይናገርም፤ ብዙ በደንብ የሚያስተምሩ ሰዎችን ከበር ይመልሳል። ሕጉ ሕግ ነውና ግን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

የግል የቋንቋ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥሩት በሌላ ዓይነት የሥራ ቪዛ ሲሆን ለቋንቋ አስተማሪ ዋናው መስፈርቱ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው። በሕግ ረገድ ለእኛ ሰው የሚቀርበው ይህ ነው። በሥራው ገበያ ግን ማስታወቂያዎቹ «የቋንቋው ተወላጅ» ይላሉ፤ ብዙዎቹም ጃፓን ውስጥ የሚኖረውን ያስቀድማሉ። ደመወዙ በተለምዶ በወር ከ200 ሺህ እስከ 250 ሺህ የን አካባቢ ነው፤ የቤት ኪራይ መያዣና የመጀመሪያ ወራት ወጪ ሲነሣለት የሚተርፈው ትንሽ ነው። ድርጅቱም ሊወድቅ ይችላል። ኖቫ የተባለው ግዙፍ የቋንቋ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ሲከስር በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መምህራን ደመወዛቸውን ሳያገኙ ቀርተዋል።

በየትኛውም መንገድ ቢኬድ ከአገር ቤት ቪዛ ለማግኘት በተለምዶ ጃፓን ያለው ቀጣሪ ከኢሚግሬሽን የብቁነት ማረጋገጫ አውጥቶ ይልካል፤ ኤምባሲው ቪዛ የሚሰጠው እሱን አይቶ ነው። ቀጣሪ ሳይኖር «ቪዛውን እኔ አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው።

እኔ ለይፋጉ መምህር የምመክረው ግን ሌላ በር ነው። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ሜክስት በሚባለው ስኮላርሺፑ ውስጥ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን የተዘጋጀ የሥልጠና ዘርፍ አለው። ዕድሜው ከ35 በታች የሆነና ቢያንስ አምስት ዓመት ያስተማረ መምህር ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በጃፓን ዩኒቨርሲቲ ይሠለጥናል፤ የጃፓንኛ ትምህርቱም የዚሁ አካል ነው፤ ትምህርቱንና ኑሮውን መንግሥት ይከፍላል። ለማስተርስና ለዶክትሬት ደግሞ የምርምር ተማሪዎች ዘርፍ አለ። በየዓመቱ የትኛው ዘርፍ ለኢትዮጵያውያን እንደተከፈተ ኤምባሲው ያሳውቃል። በተማሪ ቪዛ የሚኖር ሰው ፈቃድ አውጥቶ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ በጃፓን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ጃፓንኛ የሚናገር ሰው ደግሞ ቀጣሪ ፊት የሚቀርበው እንደ ሌላ ሰው ነው። ቶኪዮ ውስጥ በካትሱሺካ ወረዳ ተሰባስበው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለአዲስ መጪ መረጃ የሚሰጥ ወገን ናቸው።

ለዚህ ዝግጅቱ ከይፋግ ሆኖም ይጀመራል፦ የዲግሪና የውጤት ማስረጃን በእንግሊዝኛ አስወጥቶ ማረጋገጥ፣ የማስተማር ልምድን በደብዳቤ መያዝ፣ ፓስፖርት ማውጣት፣ የጃፓንኛን ሁለት ፊደላት ሂራጋናንና ካታካናን በየማታው ማጥናት። ሠልጥኖ የሚመለስ መምህር ለደቡብ ጎንደር ትምህርት ቤቶች የሚያመጣው ነገር ብዙ ነው፤ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት ሳቢያ ልጆቻችን ከትምህርት ገበታ በራቁበት በዚህ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ክፍያ የለውም። ገንዘብ ጠይቆ ጃፓን አስገባሃለሁ ለሚል ሰው በሬ ሸጣችሁ አትስጡ፤ ሰነዳችሁን ይዛችሁ በቀጥታ ኤምባሲውን ጠይቁ።