የእርሻ ምርምር ጥቅም እንዴት ሊመዘን ይገባል

የእርሻ ምርምር ለአገር እንዲበጅ የማይቀበል ሰው የለም። ነገር ግን ጥቅሙ ምን ያህል እንደ ሆነና ለማን እንደ ደረሰ አጥብቆ የሚጠይቅ ሹም ጥቂት ነው። ዘር ታደለ፤ ማዳበሪያ ተሰጠ፤ አዝመራውም አማረ ተብሎ ይጻፍና መዝገቡ በዚያው ይዘጋል። ዘር ማደል ግን ሥራው ነው እንጂ ፍሬው አይደለም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፥ አዲሱ ነገር ባይመጣ ኖሮ መሬቱ ምን ያህል ይሰጥ ነበር የሚል ነው። ዝናም ደኅና በጣለበት ዓመት አሮጌውም ዘር ያፈራልና፥ የዝናሙን በረከት ለማዳበሪያው መቍጠር ስሕተት ነው።

ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ በእንግሊዝ አገር የሮታምስቴድ ባለ ርስት የነበረው ጆን ቤኔት ሎዝ ነው። ሎዝ ራሱ ማዳበሪያ እያሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት ከሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ጋራ ሆኖ፥ ብሮድባልክ በተባለው እርሻ ስንዴ ሲያዘራ መሬቱን በየክፍሉ ለየው። ለአንዱ ክፍል የከብት ፍግ፥ ለሌሎቹም ልዩ ልዩ ማዳበሪያ አደረገ፤ አንዱን ክፍል ግን ምንም ሳይጨምርበት ተወው። ያ ክፍል እስከ ዛሬ ድረስ እንዲሁ ይዘራል። የማዳበሪያው ጥቅም በእውነት የሚታወቀው ምርቱ ከዚያ ምንም ካልተጨመረበት መሬት ምርት ጋራ ሲመዘን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም የተጨመረው እህል ወደ ማን ጎተራ ገባ የሚል ነው። ለዚህ በአገራችን የጭላሎ ታሪክ ምስክር ነው። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት፥ ካዱ ተብሎ የተጠራው የእርሻ ልማት ድርጅት መቀመጫውን አሰላ አድርጎ፥ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ ሥራ ጀመረ። አሳቡ መሬቱ ጥቂት የሆነውን ገበሬና ጭሰኛውን ለመርዳት ነበር። የስንዴ ዘር በቁሉምሳ እየተፈተነና እየተባዛ፥ ከማዳበሪያ ጋራ በብድር ለገበሬው ይሰጥ ነበር። በተቀበሉትም ሰዎች ማሳ ምርቱ በእጅጉ ጨመረ። ሚዛን ብቻ ለሚመለከት ሰው ሥራው ያለ ነቀፋ የሠመረ ነው።

ነገር ግን ስንዴ ብዙ ገንዘብ እንዲያመጣ በታወቀ ጊዜ፥ አያሌ ባለ መሬቶች በጭሰኛው ላይ የመሬቱን ኪራይ አበዙበት። ሌሎችም ጭሰኛውን አስነሥተው መሬቱን በትራክተር ያሳርሱ ጀመር፤ ወይም ትራክተር ላለው ተከራይ ሰጡት። እንዲህም ሆኖ ዘሩ የተፈተነለት ሰው፥ ዘሩ ባፈራ ጊዜ ከማሳው ወጣ። ድርጅቱ ውጤቱን የሚመረምር የራሱ ክፍል ስለ ነበረው ነገሩ ተሰውሮ አልቀረም፤ ሰፊ መሬት ላላቸው ሰዎች ይሰጥ የነበረውንም ብድር ከለከለ። የባለ መሬትንና የጭሰኛን ውል የሚወስነው የሕግ ረቂቅ ግን ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። በመጨረሻም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ተሻረ።

ዛሬ ጭሰኛና ባለ መሬት ባይኖሩም ጥያቄው አልተሻረም። አዲስ ዘር በመጣ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ለመንገድ ለቀረበውና በእጁ ገንዘብ ላለው ነው፤ በሬ የሌላት ባልቴትም መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ከትርፉ የምታገኘው እኩሌታውን ነው።

ስለዚህ ስለ አዲስ ዘር መግለጫ የሚጽፍ ሹም ሦስት ነገር ሊጠብቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ በዚያው ገበሬ ማሳ አሮጌው ዘር ከአዲሱ ጎን ተዘርቶ ሁለቱም ይመዘኑ። ሁለተኛ፥ ምዘናው በጥጋብ ዓመት ብቻ ሳይሆን ዝናም ባጠረበትና ዋግ በመታበትም ዓመት ይደረግ። ሦስተኛ፥ ከወጪው የተረፈው ለማን እንደ ደረሰ በየቤቱ ይጠየቅ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ዘሩን አስቀድመው የተቀበሉት ሰዎች በመሬታቸው ላይ መኖራቸው ይታይ። ይህ ሳይታወቅ የኩንታሉን ቍጥር ብቻ የሚያነሣ መግለጫ ግማሹን ነገር ሳይናገር ቀርቷል።